ቤት አሳድሶ ማከራየት፦ ሥራውን ከዝርዝር እስከ ርክክብ እንዴት ይመራሉ?

አንድ ወይም ሁለት ኮንዶሚኒየም ይዞ፣ ፊኒሺንግ አሠርቶ ማከራየት በአዲስ አበባ የብዙ ቤተሰብ ኢንቨስትመንት ነው። ዕጣ የደረሰውም፣ ከባለዕጣው የገዛውም፣ ውጭ አገር ሠርቶ ገንዘብ የላከውም እዚህ ይገናኛል። በተለይ የ20/80 ቤቶች ሲረከቡ የውስጥ ሥራቸው ያላለቀ ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ሳያስበው አሠሪ ይሆናል። ግንበኛው፣ ኤሌክትሪሽያኑ፣ ቧንቧ ሠራተኛው፣ ሴራሚክ አንጣፊው፣ ቀለም ቀቢው ሁሉም እሱ ጋ ይደውላል።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ለእንዲህ ዓይነቱ አነስተኛ ባለሀብት ነው። ብዙ ነገር ይነሳል፤ ሁሉም ግን ወደ አንድ ነጥብ ይመለሳል። ገንዘብዎ ከሥራው ቀድሞ እንዳይሄድ። ያልተከፈለ ገንዘብ በእጅዎ እስካለ ድረስ ስልክ ይነሳል፣ ጉድለት ይታረማል፣ ቀጠሮ ይከበራል። ከሥራው ቀድሞ ከተከፈለ ግን የሚቀርዎት ልመና ብቻ ነው።

1. መጀመሪያ ሒሳቡን ይሥሩ

ለራስ መኖሪያ የሚሠራ ቤትና ለኪራይ የሚሠራ ቤት አንድ አይደሉም። በራስዎ ቤት የወደዱትን ያደርጋሉ። በኪራይ ቤት ግን እያንዳንዱ ወጪ ኪራዩ ላይ ስንት ይጨምራል ተብሎ መጠየቅ አለበት።

ለምሳሌ ያህል ቁጥር እንያዝ። ቤቱ እንዳለ በወር 15,000 ብር ይከራያል እንበል። በ600,000 ብር ቢታደስ 25,000 ያወጣል። ልዩነቱ በወር 10,000 ብር ነው። እድሳቱ ወጪውን የሚመልሰው በ60 ወር፣ ማለትም በ5 ዓመት ነው። ይህ ከተስማማዎት ይቀጥሉ። ካልተስማማዎት ከዝርዝሩ ላይ የሚቀነስ ነገር ይፈልጉ። የሚቀነሰው የሳሎን ጂፕሰም ጌጥ ይሁን እንጂ የሻወር ቤት ቧንቧ እንዳይሆን። ጌጡን ተከራይ በሁለተኛው ሳምንት ይረሳዋል። የሚያፈስ ቧንቧን ግን እሱም አይረሳውም፣ ከሥር ያለው ጎረቤትም አይረሳውም።

መዘግየትም በዚህ ሒሳብ ውስጥ ይገባል። በዚሁ ምሳሌ ሥራው አንድ ወር ቢዘገይ 25,000 ብር ኪራይ ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ 10,000 ብር አስወድዶ በጊዜው የሚጨርስ ባለሙያ፣ ከርካሹ ይልቅ እሱ ይረክሳል።

የኪራይ ሕጉንም ከወዲሁ ያስቡበት። በመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የኪራይ ውል ከ2 ዓመት ማነስ የለበትም። ቅድሚያ ክፍያው ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም። ጭማሪውም ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው ልክ ነው። ይህ ለእድሳት ትልቅ ትርጉም አለው። «አሁን በትንሹ ላከራይና በሚቀጥለው ዓመት ሴራሚክ አስገብቼ እጨምራለሁ» የሚለው እቅድ አያዋጣም። መሠራት ያለበት ሁሉ ተከራይ ከመግባቱ በፊት ይሠራ። የስድስት ወር ኪራይ አስቀድሞ ተቀብሎ እድሳቱን መጨረስም እንደ ድሮው አይሆንም። የሥራው ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ከኪራዩ ውጭ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ።

በመጨረሻ ከጠቅላላው ወጪ ላይ ከ15 እስከ 20 በመቶ መጠባበቂያ ለብቻ ያስቀምጡ። ሴራሚክ፣ የሻወር ቤት እቃ፣ ሽቦና ብሬከር አብዛኛው ከውጭ ነው የሚመጣው። ከሐምሌ 2016 ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ ስለሚወሰን የእነዚህ ዋጋ ይንቀሳቀሳል።

2. ቤቱን ይለኩ፣ ሥራውን ይዘርዝሩ

ባለሙያ ከመጥራትዎ በፊት ሜትርና ደብተር ይዘው ቤቱ ውስጥ ግማሽ ቀን ይቆዩ። እያንዳንዱን ክፍል ይለኩ። ርዝመት፣ ወርድ፣ ቁመት፣ የበርና የመስኮት ስፋት። ግድግዳውን ሁሉ ፎቶ ያንሱ።

ከዚያ ዝርዝሩ ይጻፋል። ብዙ ጠብ የሚጀመረው እዚህ ነው። «ሻወር ቤት ይሠራል» የሚለው ዝርዝር አይደለም። እንዲህ ቢጻፍ ግን ይሻላል፦ «የሻወር ቤቱ ነባር ልስን ይነሳል። አዲስ የፒፒአር (የፕላስቲክ) ቧንቧ ለሲንክ፣ ለሻወር፣ ለሽንት ቤትና ለቦይለር ይዘረጋል፤ ከመሸፈኑ በፊት በግፊት ይፈተሻል። ወለሉና እስከ 2 ሜትር ያለው ግድግዳ ውሃ መከላከያ ይቀባል። ግድግዳው እስከ ኮርኒሱ ሴራሚክ ይለብሳል። ወለሉ ወደ ፍሳሹ በሜትር ከ1 እስከ 2 ሳንቲሜትር ያዘቀዝቃል።» ይህን ያነበበ ባለሙያ ምን እንደሚጠበቅበት ያውቃል። እርስዎም ምን ላይ እንደሚከፍሉ ያውቃሉ።

የማይነኩ ነገሮችም አሉ። ኮለንና ቢም (ሕንፃውን የሚሸከሙት የቆሙና የተጋደሙ ኮንክሪቶች) በምንም ምክንያት አይቆረጥም፣ አይሰረሰርም። ሳሎን ለማስፋት ብሎኬት ማፍረስ ቢያስቡ እንኳ መጀመሪያ መሐንዲስ ይየው። ፈቃድ ያስፈልገው እንደሆነም ወረዳው ወይም ክፍለ ከተማው የግንባታ ፈቃድና ቁጥጥር ጋ ይጠይቁ። የውጭው ግድግዳ፣ ጣሪያውና ደረጃው በኮንዶሚኒየም የጋራ ነው። የአየር ማስወጫ ቀዳዳ ወይም የባልኮኒ መዝጊያ የሚሠሩ ከሆነ የነዋሪዎቹን ኮሚቴ አስቀድመው ያነጋግሩ። እግረ መንገድዎን የሥራ ሰዓቱን፣ ፍርስራሹ የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚያነሳው ይጠይቁ። ሥራ ከተጀመረ በኋላ ጎረቤት ከሚያስቆምዎት፣ ሳይጀመር ሻይ ቡና እያሉ መነጋገር ይሻላል።

3. ማን ይሥራው? በምን መልኩ?

ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው ከነእቃው ለአንድ ሰው መስጠት ነው። ሁለተኛው የእጅ ዋጋ ብቻ ተነጋግሮ እቃውን ራስዎ መግዛት ነው። ሦስተኛው በቀን ሒሳብ ማሠራት ነው።

የቀን ሒሳብ ለትንንሽ ጥገና ካልሆነ አልመክርም። ቀኑ በረዘመ ቁጥር የሚጎዱት እርስዎ ብቻ ነዎት። ከነእቃው መስጠት ጊዜ ለሌለው ሰው ምቹ ነው። ግን የእቃው ጥራት በጽሑፍ ካልተያዘ ልዩነቱ ከግድግዳው ውስጥ ይቀራል። አንድ ወይም ሁለት ቤት ላለው ሰው የሚሻለው የእጅ ዋጋ ነው ብዬ አምናለሁ። ሴራሚኩን፣ ቧንቧውን፣ ሽቦውን፣ የሻወር ቤት እቃውን እርስዎ ይገዛሉ። አሸዋና ሲሚንቶን የመሰለውን በየጊዜው የሚፈለግ ነገር ፎርማኑ (ሠራተኞቹን የሚመራው ባለሙያ) በደረሰኝ ይገዛል።

ባለሙያ ሲፈልጉ የቅርብ ሥራውን ብቻ አይጠይቁ። ባለፈው ሳምንት ያለቀ ቤት ሁሉ ያምራል። «ከሁለት ክረምት በፊት የሠራኸውን አሳየኝ» ይበሉ። እዚያ ሄደው የሻወር ቤቱን ጥግ፣ የመስኮቱን ዙሪያና የባልኮኒውን በር ሥር ይዩ። የባለቤቱን ስልክ ይቀበሉ። «ሥራው እንዴት ነበር?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ «ጉድለት ሲገኝ ተመልሶ መጣ ወይ?» ብለው ይጠይቁ። የሰውየው ጠባይ የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

ዋጋ ቢያንስ ከሦስት ሰው ይቀበሉ። ለሦስቱም የሚሰጡት ዝርዝር ያው አንዱ ይሁን። ያለዚያ ዋጋዎቹ አይወዳደሩም። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከወረደ ምን እንደተወ ይጠይቁት። ብዙ ጊዜ የተረሳው ማፍረሱ፣ ፍርስራሽ ማውጣቱ ወይም መስመር ቆፍሮ መልሶ መለሰኑ ነው። የተረሳው ሥራ ደግሞ መሐል ላይ «ጭማሪ» ሆኖ ይመጣል።

4. ውሉ አጭር ይሁን፣ ግን ይኑር

«እኛ እኮ ሰው ነን፣ ወረቀት ምን ያደርጋል?» የሚል ቅን ባለሙያ ያጋጥምዎታል። ቅንነቱን ያክብሩ፣ ወረቀቱን ግን አይተዉት። ሁለት ገጽ ይበቃል። የሁለቱም መታወቂያ ኮፒ ይያያዝ። ሁለት ምስክር ይፈርምበት። ከላይ የጻፉት የሥራ ዝርዝር አባሪ ይሆናል፤ ገጹ ሁሉ ይፈረምበታል።

ውሉ ውስጥ መግባት ያለበት ይህ ነው፦

- ጠቅላላ ዋጋው፣ ምን እንደሚያካትትና ምን እንደማያካትት
- የትኛውን እቃ ማን እንደሚገዛ፣ ወደ ፎቅ ማን እንደሚያወጣ
- የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ቀን፣ ለዘገየ ቀን የሚቀነሰው ብር
- የክፍያው ደረጃዎች
- ለውጥ ካለ ዋጋውና ቀኑ በጽሑፍ ሳይስማሙበት እንደማይሠራ
- የረዳቶችና የቀን ሠራተኞች ክፍያና ደኅንነት የማን እንደሆነ
- ጎረቤት ቤት ላይ ጉዳት ቢደርስ ማን እንደሚያስተካክል

የመዘግየት ቅጣት ሲባል የሚደነግጥ አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ተዋዋዮች ካሳን አስቀድመው በውል እንዲወስኑ ይፈቅዳል። ቁጥሩ ግን ፍትሐዊ ይሁን። የአንድ ቀን ኪራይ ያህል ቢሆን ምክንያቱ ለሁለታችሁም ግልጽ ነው። በእርስዎ ጥፋት የዘገየውም አይቆጠርበት። እቃ ሳይደርስ ቀርቶ ሠራተኛ እጁን አጣጥፎ ከዋለ ያ ቀን የእርስዎ ነው። ይህንንም ይጻፉት። ሁለቱንም ወገን የሚጠብቅ ውል በደስታ ይፈረማል።

5. ክፍያ፦ ሥራው ይቅደም

ብዙ ባለሙያ «ግማሹን ስጡኝና ልጀምር» ይላል። የእጅ ዋጋ ብቻ ከሆነ ግማሽ የሚያስፈልግበት ምክንያት የለም። እቃውን የሚገዙት እርስዎ ነዎት። እሱ የሚያስፈልገው ለመጀመሪያው ሳምንት የሠራተኛ ወጪና ትራንስፖርት ነው። ከ10 በመቶ አይበልጥ። ከነእቃው ከሆነ ቅድሚያው ሊጨምር ይችላል፤ ያኔም ቢሆን እቃው ቤቱ ሲደርስ የሚከፈል ቢሆን ይመረጣል።

ቀሪው በደረጃ ይከፈላል። ደረጃው በቀን አይለካ፣ በሥራ ይለካ። «በሁለተኛው ሳምንት 50,000» የሚል ውል ሥራው ቢቆምም ያስከፍልዎታል። «ቧንቧው ተፈትሾ ካለፈ በኋላ 50,000» የሚለው ግን አያስከፍልም።

የእጅ ዋጋው 200,000 ብር ለሆነ ሥራ እንዲህ ሊከፋፈል ይችላል፦

- ሲጀመር 20,000
- ማፍረሱ አልቆ፣ ቧንቧና የኤሌክትሪክ ቱቦ ተዘርግቶ፣ ፍተሻ ሲያልፍ 50,000
- ልስንና ጂፕሰም ሲያልቅ 40,000
- ሴራሚክ በሙሉ ተነጥፎ ሲፈተሽ 50,000
- ቀለም፣ በር፣ መብራትና የሻወር ቤት እቃ ተገጥሞ ርክክብ ሲደረግ 20,000
- ሪቴንሽን (በኋላ ለሚታይ ጉድለት ዋስትና ተይዞ የሚቆይ ገንዘብ) 20,000፣ ከርክክብ በኋላ የተስማሙበት ጊዜ ሲያልፍ የሚከፈል

ሪቴንሽኑን ለምን ያህል ጊዜ ይይዛሉ? ለአነስተኛ ቤት ሦስት ወር ይበቃል። ሥራው በበጋ ካለቀና ጣሪያ ወይም ባልኮኒ ከነካ ግን አንድ ክረምት እንዲያልፍበት ተስማሙ። ውሃ የሚያስገባ ቦታ የሚታወቀው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ባለሙያው ገንዘቡ እንደማይቀርበት እንዲተማመን ቀኑን በውሉ ላይ ይጻፉ። ቀኑ ሲደርስም ሳይጠይቅዎት ይክፈሉ። ጥሩ ባለሙያ ለቀጣዩ ቤትዎ እንዲመጣ የሚያደርገው ይህ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ስልክ ይመጣል። «ጋሼ፣ ለልጆቹ የምከፍለው አጣሁ፣ ትንሽ ይላኩልኝ።» ይህ ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ቀን ሠራተኛው ለሳምንት ቀለቡ ይጠብቃል። ሰውየውን አያመናጭቁት። ግን የሚሰጡት ካለቀው ሥራ ልክ አይለፍ። በስልክ ከመላክዎ በፊት ሄደው ይዩ፤ ወይም ቪዲዮ ያስልኩ። የሴራሚኩ ግማሽ ካለቀ ከዚያ ደረጃ ክፍያ ላይ የግማሹ ያህል ይሰጣል። ወረቀት ላይ ይቀነሳል፣ ይፈረማል። አልፎ አልፎም ሠራተኞቹን ራሳቸውን «ሳምንታችሁን ተቀበላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። እርስዎ ከፍለው እነሱ ያልተከፈላቸው ከሆነ ሥራው በቅርቡ ይቆማል። ከዚያም በላይ የሰው ላብ ነው።

ክፍያ ሁሉ በባንክ ወይም በቴሌብር ይሁን። ምክንያቱ የሚጻፍበት ቦታ ላይ «የልስን ደረጃ ክፍያ» ብለው ይጻፉ። ጥሬ ገንዘብ ከሰጡ በዚያው ሰዓት ያስፈርሙ።

6. እቃ ሲገዙ

መርካቶና ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ሲገበያዩ ለአንድ እቃ ከሁለት ሦስት ሱቅ ፕሮፎርማ (የጽሑፍ ዋጋ ማቅረቢያ) ይውሰዱ። ዋጋው ስንት ቀን እንደሚቆይ ይጠይቁ።

ሴራሚክ ከተለካው 10 በመቶ ጨምረው ይግዙ። ወለሉ 20 ካሬ ከሆነ 22 ካሬ ይያዙ። ባለ 60 በ60 ሴራሚክ አራት ፍሬ የያዘ ካርቶን 1.44 ካሬ ነው፤ ስለዚህ 16 ካርቶን ያስፈልጋል። ሁሉም ካርቶን ላይ ያለው የምርት ቁጥር አንድ መሆኑን እዚያው ሱቁ በር ላይ ይዩ። ቁጥሩ ከተለያየ የቀለም ልዩነቱ የሚታየው ከተነጠፈ በኋላ ነው።

ሲሚንቶ ሲታዘዝ ቃሉን ግልጽ ያድርጉ። አንድ ኩንታል ሁለት ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ነው። «አስር ሲሚንቶ» ሲባልዎት ኩንታል ነው ወይስ ከረጢት ብለው ይጠይቁ። ከረጢቱን ነካ ሲያደርጉት ውስጡ የጓጎለ ከሆነ ይመልሱት። ቤት ውስጥም ከእርጥብ ወለል ከፍ አድርገው በእንጨት ላይ ያስቀምጡት።

ሊፍት የሌለው ባለ አራት ፎቅ ብሎክ ላይ ማውጫው ራሱ ወጪ ነው። አሸዋ፣ ሲሚንቶና ሴራሚክ በሰው ጀርባ ነው የሚወጣው። በብዙ ሳይት የተደራጁ ጫኝ አውራጆች አሉ። መኪናው ደርሶ እቃው መሬት ላይ ከተራገፈ በኋላ ዋጋ መነጋገር ከባድ ነው። ከአንድ ቀን በፊት ሄደው በካርቶንና በከረጢት ይስማሙ።

7. ቅደም ተከተሉና የሚሸፈነው ሥራ

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ማፍረስ፣ አዲስ ግንብ ካለ ግንብ፣ ቧንቧና የኤሌክትሪክ ቱቦ፣ ልስን፣ ውሃ መከላከያ፣ ጂፕሰም፣ ሴራሚክ፣ የመጀመሪያ ቀለም፣ በርና ኪችን ካቢኔት፣ መብራትና የሻወር ቤት እቃ፣ የመጨረሻ ቀለም። የቸኮለ ፎርማን «ቀለሙን እያስኬድን ሴራሚኩን እናስገባ» ይላል። አይፍቀዱ። አቧራው ቀለሙን ያበላሻል፣ ቀለሙም ድጋሚ ይከፈልበታል።

የሚታየውን ሥራ ማንም ያያል። እርስዎ መገኘት ያለብዎት የሚሸፈነው ከመሸፈኑ በፊት ባለው ቀን ነው። ውሉ ላይ «ባለቤቱ ወይም ወኪሉ ሳያየው አይሸፈንም» የሚል አንድ መስመር ያስገቡ።

ቧንቧ። መስመሩ ሁሉ ተዘርግቶ ጫፉ ይዘጋል፣ በእጅ ፓምፕ እስከ 10 ባር ግፊት ይሰጠዋል። የግፊት መለኪያው ፎቶ ይነሳል። አንድ ሌሊት ይደር። ጠዋት ቁጥሩ ከወረደ የሚያፈስ መጋጠሚያ አለ። አሁን ማረም ቀላል ነው። ከሴራሚኩ በኋላ ግን ግድግዳ መስበር ይመጣል።

ውሃ መከላከያ። ከደረቀ በኋላ ፍሳሹ ይደፈናል። ወለሉ ላይ ጥቂት ሳንቲሜትር ውሃ ይሞላና 24 ሰዓት ይቆያል። በማግስቱ ከሥር ያለውን ጎረቤት አስፈቅደው ኮርኒሱን ይዩ። በውሃ ፈረቃ ምክንያት በርሜል ሞልቶ መጠበቅ ያስፈልግ ይሆናል። ቢያስፈልግም ይደረግ። በእኔ እይታ ከሁሉም ፍተሻ የማይዘለለው ይህ ነው፤ የሌላ ሰው ቤት ስለሚነካ።

ኤሌክትሪክ። ለመብራት ባለ 1.5፣ ለሶኬት ባለ 2.5 ስኩዌር ሚሊሜትር ሽቦ የተለመደ ነው። የእንጀራ ምጣድ ግን ለብቻው ይታይ። ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት የሚስብ ምጣድ በ220 ቮልት ከ14 እስከ 18 አምፔር ይወስዳል። ከተራ ሶኬት መስመር ጋር ከተያያዘ ሽቦው ይሞቃል፣ ሶኬቱ ይቀልጣል። ለምጣዱ ባለ 4 ስኩዌር ሚሊሜትር ሽቦ፣ የራሱ ብሬከርና የመሬት መስመር ይግባለት። ለቦይለሩም እንዲሁ የራሱ መስመር። ተከራይዎ የት እንደሚጋግር አስቀድመው ያስቡና መስመሩን እዚያ ያውርዱት።

ከመለሰኑ በፊት እያንዳንዱን ግድግዳ ሜትር ዘርግተው ፎቶ ያንሱ። ቧንቧው ከጥጉ ስንት ሳንቲሜትር ላይ እንዳለ ይታይ። በኋላ መደርደሪያ የሚሰቅል ሰው ቧንቧ እንዳይበሳ ይረዳል።

ልስን ጊዜ ይፈልጋል። በየቀኑ ውሃ ይጠጣ። ከዚያ ይድረቅ። ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ሳይቆይ ቀለም ከተቀባ ይላጣል። በክረምት ከዚህም ይዘገያል።

8. በየቀኑ እንዴት ይመራል?

በሳምንት ሁለት ጊዜ ይሂዱ። አንዱ ጊዜ ያልተጠበቀ ይሁን። ውሃ ልክ ይዘው ይሂዱ። አጠቃቀሙ በአምስት ደቂቃ ይለመዳል፤ በእጅዎ መያዝዎ ብቻውን ሥራውን ያስተካክለዋል።

የቴሌግራም ግሩፕ ይክፈቱ። እርስዎ፣ ፎርማኑና የሚቆጣጠርልዎት ሰው ይኑሩበት። ማታ ማታ የዕለቱ ፎቶ ይግባ። ለውጥ ካለ እዚያው ይጻፍ፦ ምን፣ በስንት፣ በስንት ቀን። «እሺ» ብለው ካልጻፉ አይሠራ። በቃል «እሱንም እግረ መንገድህን አስገባው» ያሉት ነገር መጨረሻ ላይ ዋጋ ይዞ ይመጣል። እሱም መብቱ ነው።

ስህተት ሲያዩ ለፎርማኑ ለብቻው ይንገሩት። በረዳቶቹ ፊት የተዋረደ ሰው ሥራውን በልቡ አይሠራም። «ወንድሜ፣ ይቺ ሴራሚክ ዝቅ ብላለች፣ ነገ ጠዋት ትነሳ» ይበቃል። ደግሞም ዛሬውኑ ይበሉት። ሙጫው ሳይደርቅ የሚነሳ ሴራሚክና ሳምንት የቆየ ሴራሚክ ዋጋቸው የተለያየ ነው።

ቀን ሲቆጥሩ በዓላቱን ያስቡ። ለመስቀል ወደ ጉራጌና ወደ ደቡብ አገሩ የሚሄድ ባለሙያ ብዙ ነው። ለፋሲካና ለኢድም እንዲሁ። አገር ቤት የሄደ ሰው በማግስቱ አይመለስም። መስከረም አጋማሽ ላይ ሴራሚክ ለማስጀመር ካሰቡ ከወር በፊት ማን እንደሚቆይ፣ ማን እንደሚሄድ ይጠይቁ።

9. ውጭ አገር ሆነው የሚያሠሩ ከሆነ

ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ሆኖ ማሠራት ይቻላል። ግን የሚሠራውና የሚቆጣጠረው አንድ ሰው አይሁን። ዘመድ ገንዘቡን ይዞ፣ ባለሙያ መርጦ፣ እቃ ገዝቶ፣ ሥራውንም እሱ ካጸደቀ ሁሉም በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ወደቀ። ይህ ለዘመዱም ከባድ ነው። አንድ ነገር ሲጎድል የሚበላሸው ገንዘቡ ብቻ አይደለም፤ ዝምድናውም አብሮ ነው።

ዘመድ ቁልፍ ይያዝ፣ እቃ ይቀበል። ጥራቱን ደግሞ በጉብኝት የሚከፈለው ሲቪል መሐንዲስ ይይ። አራት ጊዜ ቢመጣ በቂ ነው፦ ከመለሰኑ በፊት፣ በውሃ ፍተሻው ጊዜ፣ ከሴራሚኩ በኋላና በርክክብ። ክፍያው የሚለቀቀው እሱ በጽሑፍ «አልፏል» ካለ በኋላ ነው። ውል የሚፈርምልዎት ሰው ካስፈለገ የውክልናው ሥልጣን በልኩ ይሁን። ማሳደስና ማከራየት የሚል ውክልና መሸጥን መጨመር የለበትም።

10. ርክክብ

ርክክብ በቀን ብርሃን፣ ውሃና መብራት ባለበት ሰዓት ይሁን። ፈረቃ ከሆነ ቀኑን በዚያ ልክ ይያዙ። ሁለት ሰዓት ይመድቡ።

ሴራሚኩን ሁሉ በሳንቲም ቀስ ብለው ያንኳኩ። ባዶ ድምፅ ያለው ሥሩ ሙጫ አልያዘም፤ ይነቀላል። የስልክ መብራት በግድግዳው ጎን አስጠግተው ያብሩ፤ የልስኑ ጎርባጣ በጥላው ይታያል። የሻወር ቤት ወለል ላይ ባልዲ ውሃ ያፍስሱ። የትም ሳይቋጥር ወደ ፍሳሹ መሄድ አለበት። ቧንቧዎቹን በአንድ ጊዜ ይክፈቱ፣ ሽንት ቤቱን ደጋግመው ይልቀቁ፣ ከዚያ በሲንኩ ሥር እጅዎን ያስገቡ። ምጣዱንና ቦይለሩን አብረው ለአንድ ሰዓት ያብሩ። ብሬከሩ ከዘለለ ወይም ሶኬቱ ከሞቀ አልተረከቡም። በርና መስኮት ሁሉ ተከፍቶ ይዘጋ።

የተገኘው ጉድለት ሁሉ በአንድ ወረቀት ይጻፍ። ለእያንዳንዱ ቀን ይሰጥ፣ ሁለታችሁም ፈርሙ። የርክክብ ክፍያው የሚለቀቀው ወረቀቱ ላይ ያለው ሁሉ ሲያልቅ ነው። «እነዚህ ትንንሽ ናቸው፣ ክፈሉኝና ሰኞ እመለሳለሁ» ቢባሉ በትህትና ሰኞን ይጠብቁ።

ቁልፎቹን ሁሉ ተቀብለው የዋናውን በር የቁልፍ ሲሊንደር ይለውጡ። ከተረፈው ሴራሚክ ቢያንስ አንድ ካርቶን፣ የቀለሙን ቁጥርና ትንሽ ትርፍ ቀለም ያስቀምጡ። የግድግዳውን ፎቶዎች፣ ደረሰኞቹን፣ ውሉንና የርክክብ ወረቀቱን በአንድ ፋይል ያኑሩ። ተከራይ ከመግባቱ በፊት የቤቱን ሁኔታ ክፍል በክፍል በቪዲዮ ይቅረጹ፤ የኪራይ ውሉ ሲመዘገብም ቤቱ በምን ሁኔታ እንደተሰጠ በአባሪ ይያያዝ። ሪቴንሽኑ የሚከፈልበትን ቀን ስልክዎ ላይ ይመዝግቡ፤ ከዚያ ቀን አንድ ሳምንት ቀደም ብለው ለተከራዩ ደውለው የሚያፈስ ወይም የተሰነጠቀ ነገር እንዳለ ይጠይቁት።